«ያምልኩ፣ ግን እዚህ አይሆንም»፦ የአንድ መስጊድ ክርክርና የሃይማኖት ነጻነት

 

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ ሃይማኖት ነጻነት ነው። በጥቅሉ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚስማማበት ጉዳይ ይመስላል። «ሰው የመሰለውን ያምልክ» ብትሉ የሚቃወማችሁ ብዙ አታገኙም። ነገሩ የሚከረው አምልኮው መሬት ሲፈልግ ነው። ግድግዳ ሊቆም፣ ጣሪያ ሊለብስ ሲል «እሺ፣ ያምልኩ፤ ግን እዚህ አይሆንም» የሚል ሰው ይነሣል። ይህ ሰው ሁልጊዜ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። አንዳንዴ ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። መብትና ሐዘን እንዲህ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ምን ይደረጋል? መልሱን ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሊሠራ ታስቦ ከነበረ አንድ መስጊድ ታሪክ እንፈልገዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ አካባቢ ፓርክ ፕሌስ የሚባል አጭር መንገድ አለ። እዚያ መንገድ ላይ በ1850ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነበር። በኋለኛው ዘመን በርሊንግተን የሚባል የካፖርትና የልብስ መደብር ገብቶበት ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መንትዮቹ የዓለም የንግድ ማዕከል ሕንፃዎች በአውሮፕላን ሲመቱ፣ ከሁለተኛው አውሮፕላን የተገነጠለ የማረፊያ ጎማ ክፍል የዚህን ሕንፃ ጣሪያ በስቶ ገባ። መደብሩ ተዘጋ፤ ሕንፃውም ለዓመታት ባዶውን ቆመ። መንትዮቹ ሕንፃዎች ከነበሩበት ስፍራ የሚርቀው ሁለት ብሎክ ብቻ ነው፤ በእግር ሁለትና ሦስት ደቂቃ።

በ2009 ሻሪፍ ኤል ጋማል የተባለ ኒው ዮርክ የተወለደ የሕንፃ ነጋዴ ከሸሪኮቹ ጋር በ4.85 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አብረውት የተነሡት የሃይማኖት ሰው ኢማም ፈይሰል አብዱል ራውፍ ነበሩ። ኢማሙ ለሰፈሩ እንግዳ አልነበሩም። ከ1983 ጀምሮ፣ ማለትም ጥቃቱ ከመድረሱ 18 ዓመት አስቀድሞ፣ ከንግድ ማዕከሉ 12 ብሎክ ያህል ርቃ በምትገኘው አል ፋራህ በምትባል ጠባብ መስጊድ ሶላት ሲያሰግዱ ኖረዋል። ዋረን በሚባለው መንገድ ላይም ከ1970 ጀምሮ የሚሰገድበት ሌላ መስጊድ ነበር። ከዚህም በላይ፣ በደቡቡ የንግድ ማዕከል ሕንፃ 17ኛ ፎቅ ላይ የሙስሊሞች መስገጃ ክፍል እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የጽዳት ሠራተኛው፣ የምግብ ቤት አስተናጋጁ፣ የባንክ ባለሙያው ከሥራው መሐል ወጣ ብሎ እዚያ ይሰግድ ነበር።

የታሰበው ሕንፃ 13 ፎቅ ያለው፣ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ የባህል ማዕከል ነበር። ባለ 500 መቀመጫ አዳራሽ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት፣ ለጥቃቱ ሰለባዎች መታሰቢያ የሚሆን ስፍራ፣ ከእነዚህም ጋር ሰፊ የሶላት ቦታ ይኖረዋል ተባለ። መጀመሪያ ኮርዶባ ሃውስ፣ በኋላ ፓርክ 51 ተብሎ ተሰየመ።

በዲሴምበር 2009 ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ዘገበው። ያኔ ብዙም ጫጫታ አልተሰማም። በሜይ 2010 የአካባቢው ማኅበረሰብ ቦርድ፣ የእኛን የቀበሌ ምክር ቤት ዓይነት አካል ነው፣ ድምፅ ሰጠበት። 29 ደገፉ፣ 1 ተቃወመ፣ 10 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ቦርዱ የማማከር ሥልጣን እንጂ የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ ቢሆንም አገር ምድሩን ያነቃነቀው ይህ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት «ደም በፈሰሰበት ቦታ ላይ የድል ሐውልት ሊያቆሙ ነው» የሚል ወሬ ከጫፍ ጫፍ ተዳረሰ። ለምርጫ የሚወዳደሩ ፖለቲከኞች፣ ኒው ዮርክን በዓይናቸው ያላዩት ሳይቀሩ፣ የቅስቀሳ ጉዳይ አደረጉት። በኦገስት በተሰበሰበ የሕዝብ አስተያየት ከ10 አሜሪካውያን 7 ያህሉ ዕቅዱን ተቃወሙ።

በዚያው ወር መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት መራጮች መካከል የተደረገው ጥናት ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። «ሙስሊሞች በሃይማኖት ነጻነት ምክንያት እዚያ ቦታ የመሥራት መብት አላቸው?» ተብለው ሲጠየቁ 54 በመቶው «አዎ» አሉ። «በፈቃዳቸው ትተውት ሌላ ቦታ ቢሠሩ ይሻላል?» ሲባሉ ደግሞ 71 በመቶው «አዎ» አሉ። ስለዚህ በርካታ ሰዎች በአንድ አፍ «መብታቸው ነው» እና «ቢተዉት ጥሩ ነው» ብለዋል ማለት ነው። እነዚህን ሰዎች ጠባብ ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ያሉትን መስማት ያስፈልጋል።

እንስማቸው እንግዲህ። ኒው ዮርክ ላይ በጥቃቱ 2,753 ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱ ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ቅሪተ አካላቸው እስከ ዛሬ ተለይቶ አልታወቀም። አስከሬን አልተገኘም፤ ሣጥን አልወረደም፤ መቃብር የለም። እናት ልጇን የምታስበው ያንን መሬት እያየች ነው። የአመድና የፍርስራሹ ብናኝ ደግሞ መንትዮቹ ሕንፃዎች በቆሙበት አጥር ብቻ አልተወሰነም፤ በየጣሪያው፣ በየጎዳናው ወርዷል። በ2013፣ ጥቃቱ ከደረሰ ከ11 ዓመት ተኩል በኋላ፣ እዚሁ ፓርክ ፕሌስ ላይ ከምንነጋገርበት ቦታ ጀርባ፣ በሁለት ሕንፃዎች መሐል ሰው በማያልፍበት ስንጥቅ ውስጥ የአውሮፕላን ክንፍ ቁራጭ ተሰክቶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ሁለት ብሎክ ይርቃል» የሚለው መልስ ለሐዘንተኛዋ እናት መልስ አይሆናትም። ለእርሷ ሰፈሩ ሁሉ መቃብር ነው። ገዳዮቹ በእስልምና ስም መግደላቸውን የሰማ ጆሮዋ ደግሞ «መስጊድ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ፣ ቁስሏ ላይ እንጨት የሰደዱባት ቢመስላት፣ እኔ አልፈርድባትም። ማንም ሊፈርድባት አይገባም።

ግን ሐዘንተኛዋ እናት አንዲት ብቻ አይደለችም። መሐመድ ሰልማን ሐምዳኒ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ካራቺ ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገ፣ በአንድ የምርምር ተቋም የሚሠራ፣ የኒው ዮርክ ፖሊስ ዕጩ አባልና የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና የወሰደ ልጅ። በዚያች ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቤተሰቡ በየሆስፒታሉ ሲፈልገው፣ ስሙ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ፣ «ከአሸባሪዎቹ ጋር ንክኪ ይኖረው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ተነዛበት። በማርች 2002 አፅሙ ተለይቶ ሲታወቅ የተገኘው ከሰሜኑ ሕንፃ አጠገብ ነበር፤ ሰው ለማዳን ሮጦ ገብቶ ነው የሞተው። በፖሊስ ክብር ሲቀበር የከተማው ከንቲባ ተገኝተዋል። እናቱ ወይዘሮ ታላት ሐምዳኒ በ2010 በአደባባይ ቆመው የፓርክ 51ን ዕቅድ ደግፈዋል። በዚያች ቀን ከሞቱት መካከል ሙስሊሞች በርካታ ደርዘን ነበሩ። ከሟች ቤተሰቦች የተቃወሙም የደገፉም ነበሩ። ታዲያ «የሟች ቤተሰቦችን ስሜት እናክብር» ስንል የየትኛዋን እናት ስሜት ነው የምናከብረው? ይህ ጥያቄ በዚያ የጩኸት ወቅት በቂ ጆሮ ያገኘ አይመስለኝም።

ከተቃዋሚዎቹ ክርክሮች ሁሉ ከባዱ ስለ አውሽዊትዝ የተነሣው ነው። በ1984 የካቶሊክ መነኮሳት ፖላንድ ውስጥ ናዚዎች አይሁዳውያንን በጅምላ የፈጁበትን የአውሽዊትዝ ካምፕ ተጠግተው ገዳም ከፈቱ። ዓላማቸው መጸለይ ነበር፤ ክፋት አልነበራቸውም። አይሁዳውያን ግን «ይህ የእኛ ሙታን ቦታ ነው» ብለው አዘኑ። ብዙ ዓመት ከተደራደሩ በኋላ በ1993 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ መነኮሳቱ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ አደረጉ። «መነኮሳቱ ለሰው ሐዘን ብለው ከሄዱ፣ ሙስሊሞቹስ ለምን አይሄዱም?» ተባለ።

ይህ ክርክር ውሃ የማያነሣ ነው ብዬ አልንቀውም። ሁለቱ ጉዳዮች ግን አንድ አይደሉም። መነኮሳቱ የገቡት ነዋሪ በሌለበት የሞት ካምፕ አጥር ሥር ነው፤ አመጣጣቸውም ከውጭ ነው። ፓርክ ፕሌስ ደግሞ ገበያተኛ የሚተራመስበት የከተማ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ በዙሪያው ሆቴል ነበር፣ ጫማ መሸጫ ነበር፣ የፈረስ ውድድር መወራረጃ ቤትና የራቁት ዳንስ ቤት ሳይቀር ነበር። «የተቀደሰ መሬት ነው» ተብሎ ከዚያ ይነሣ የተባለ የዳንስ ቤት ግን አልነበረም። ሙስሊሞቹም የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሠርተው የሚኖሩበት፣ ጁምዓ ቀን ቦታ ጠቧቸው የሚሰግዱበት ሰፈር ነው። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። መነኮሳቱን «ይህን ግፍ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ» ያላቸው የለም። ሙስሊሞቹ «አትሠሩም» ሲባሉ ግን ጥቂት ነፍሰ ገዳዮች የሠሩት ግፍ የሁሉም ሙስሊም ዕዳ መሆኑን እንዲቀበሉ ነበር የተጠየቁት። ልጇን በዚያ ፍርስራሽ ያጣችው ሙስሊም እናት ሳትቀር።

አሁን ወደ ሕጉ ልውሰዳችሁ። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ አምልኮንም እንዳይከለክል ያዛል። በ2000 ደግሞ ኮንግረሱ ስለ አምልኮ ቦታዎች የመሬት አጠቃቀም የተለየ ሕግ አወጣ። ሁለቱም ፓርቲዎች ያለ ተቃውሞ ነው ያሳለፉት። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከተማ ወይም አውራጃ በግንባታ ደንብ ሰበብ አንድን ሃይማኖት ከሌላው ለይቶ ማጉላላት አይችልም፤ አምልኮን በእጅጉ የሚያከብድ ደንብ ካወጣም እጅግ አስፈላጊ የሆነ የመንግሥት ምክንያት ማቅረብና ከዚያ የቀለለ መንገድ አለመኖሩን ማሳየት አለበት። ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ «ከተማው ይከልክል» ሲባሉ እምቢ ያሉት ሕገ መንግሥቱን ይዘው ነው። ኦገስት 3 ቀን 2010 የከተማው የቅርስ ኮሚሽን አሮጌው ሕንፃ በቅርስነት ተመዝግቦ እንዳይፈርስ ይደረግ የሚለውን ጥያቄ 9 ለ0 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገ። በዚያው ቀን ከንቲባው የተለያዩ የሃይማኖት አባቶችን ይዘው፣ የነጻነት ሐውልት ከጀርባቸው እየታየ፣ ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ከንቲባው አይሁዳዊ ናቸው። ፕሬዚዳንት ኦባማም በ10ኛው ቀን በዋይት ሃውስ የረመዷን ኢፍጣር ላይ መብቱን ደገፉ፤ በነጋታው ግን «ስለ መብቱ ነው የተናገርኩት፣ እዚያ መሥራቱ ጥሩ ሐሳብ ነው አላልኩም» በሚል መንፈስ አለዘቡት።

ብሉምበርግ በንግግራቸው ያነሡት የከተማው የራሱ ታሪክ ነበር፤ እኔም እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኒው ዮርክ በሆላንዶች እጅ በነበረችበት ዘመን፣ በ1657፣ ገዢው ፒተር ስቶይፈሳንት ኩዌከር የሚባሉትን ክርስቲያኖች ቤቱ ያስጠጋ እንዲቀጣ አዘዘ። ፍላሺንግ በምትባል መንደር 30 ሰዎች ተቃውሞ ፈርመው ላኩበት። ፈራሚዎቹ ራሳቸው ኩዌከሮች አልነበሩም፤ ለጎረቤታቸው ነው የፈረሙት። ከእነርሱም የታሰሩ አሉ። ያ ጽሑፍ ነጻነቱ ለአይሁድም፣ በጊዜው ቱርኮች ይሏቸው ለነበሩት ሙስሊሞችም እንደሚገባ ይጠቅሳል። መስጊድ በአካባቢው ባልነበረበት ዘመን!

ከዚያ እንግሊዞች መጡ። በእነርሱ ጊዜ በ1700 የወጣ ሕግ የካቶሊክ ቄስ ኒው ዮርክ ውስጥ ቢገኝ ዕድሜ ልክ እንዲታሰር ይፈቅድ ነበር። አገሪቱ ነጻ ወጥታ ሕጉ ሲሻር፣ በ1785 ካቶሊኮች የመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ቅዱስ ጴጥሮስን፣ መሥራት ጀመሩ። የከተማው ሹማምንት በመሐል ከተማ መሠራቱን አልወደዱትም፤ ራቅ ወዳለው ወደ ባርክሌይ መንገድ ሄዱ። የስፔን ንጉሥ ገንዘብ ረዷቸዋልና «የባዕድ ገንዘብ ነው፤ ለሮም የሚገዛ ሰው ለሪፐብሊካችን አይታመንም» የሚል ጥርጣሬ ተከተላቸው። በ1806 የገና ዋዜማ ሌሊት ሁከተኞች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት፤ በተከተለው ግጭት አንድ የከተማ ዘበኛ ተገደለ። ባርክሌይ መንገድ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከንግድ ማዕከሉ ስፍራ አንድ ብሎክ፣ ከፓርክ ፕሌስም አንድ ብሎክ። ቅዱስ ጴጥሮስ ዛሬም እዚያው አለ። ሴፕቴምበር 11 ማለዳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የንስሐ አባታቸውን የአባ ማይክል ጀጅን አስከሬን ከፍርስራሹ ተሸክመው ሲወጡ ያሳረፉት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ፊት ነው። ትናንት «አይሠራም» የተባለው ቤት፣ ከተማው በተመታ ቀን የከተማው ሁሉ መጠለያ ሆነ።

[አጭር ሙዚቃ]

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። «መብት አላችሁ፤ ግን ትንሽ ራቅ በሉ» ሲባል፣ ስንት ነው የሚርቀው? ሁለት ብሎክ ቅርብ ከሆነ አምስት ብሎክ ይበቃል? አሥርስ? የግዛቱ ገዢ ዴቪድ ፓተርሰን ቦታ ከቀየሩ የመንግሥት መሬት በማፈላለግ እንደሚረዱ ተናገሩ። በተቃዋሚዎቹ በኩል ግን «እስከዚህ ድረስ» የሚል የተስማሙበት ልክ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ውስጥ ስታተን በምትባለው ደሴት፣ አንድ የካቶሊክ ደብር ባዶ የቀረ የመነኮሳት ቤቱን ለሙስሊሞች ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ቁጣው በረታና ሽያጩ ፈረሰ። ስታተን ደሴት ከማንሃተን የሚለያት ባሕር ነው።

ከዚያም ይራቅ ብትሉ፣ ከኒው ዮርክ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ቴኔሲ ግዛት ውስጥ መርፍሪስቦሮ የምትባል ከተማ አለች። ሙስሊሞች ለብዙ ዓመታት በሰላም የኖሩባት ከተማ ናት። የኪራይ አዳራሻቸው ጠበባቸው፤ መሬት ገዙ፤ በሜይ 2010 የአውራጃው ኮሚሽን ፈቃድ ሰጣቸው። በኦገስት መጨረሻ አንድ ሌሊት የቁፋሮ ማሽናቸው ላይ ነዳጅ ተርከፍክፎ እሳት ተለኮሰ። ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ። በችሎቱ የተነሣው ክርክር «እስልምና ሃይማኖት አይደለም፤ ስለዚህ የሃይማኖት ነጻነት አይመለከተውም» እስከማለት ደረሰ። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እስልምና ሃይማኖት መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ለማቅረብ ተገደደ። በ2012 የግዛቱ ዳኛ «ስብሰባው ለሕዝብ በበቂ አልተነገረም» ብለው ፈቃዱን ሻሩት፤ በጁላይ የፌደራሉ ዳኛ ጣልቃ ገቡ፤ ኦገስት 10 ቀን፣ በረመዷን ወር ውስጥ፣ ምዕመናኑ ገብተው ሰገዱ።

መርፍሪስቦሮ ላይ መንትያ ሕንፃ አልፈረሰም። የሟች መቃብር የለም። እንግዲህ የፓርክ 51 ተቃውሞ የቦታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴኔሲ ምን አገባው? የሐዘንተኞቹ እንባ እውነተኛ ነበር፤ ያንን እንባ ይዘው የሄዱት ሰዎች ግን ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። የዚህ ሁሉ ክርክር ፍሬ ነገር ለእኔ ይህ ነው።

አድማጮች ሆይ፣ ጥላቻ ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም። አንዳንዴ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ቆጥሮ ይመጣል። ኒው ጀርሲ ውስጥ በርናርድስ በምትባል ያማረች የመንደር ከተማ የባስኪንግ ሪጅ ሙስሊሞች ማኅበር ለ150 ሰጋጅ የሚሆን አነስተኛ መስጊድ ለመሥራት በ2012 አመለከተ። የማኅበሩ መሪ መሐመድ አሊ ቻውድሪ ከዚያ ቀደም የዚችው ከተማ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ዲዛይኑ ከአካባቢው ቤቶች ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ፣ ሚናራዎቹ የጭስ ማውጫ እስኪመስሉ ድረስ ዝቅ ብለው ተሣሉ። የከተማው ደንብ ለአብያተ ክርስቲያናት ለሦስት ሰው አንድ የመኪና ቦታ ይል ነበር፤ ስለዚህ 50 ይበቃ ነበር። ለመስጊዱ ሲሆን የዕቅድ ቦርዱ 107 ጠየቀ። የመኪና ማቆሚያው ሲሰፋ ደግሞ የውሃ መውረጃው ይጠየቃል፤ አጥሩ፣ የዛፉ ተክል፣ የመብራቱ አቅጣጫ ይጠየቃል። ሦስት ዓመት ተኩል፣ 39 ስብሰባ! በመጨረሻ በ2015 «አይፈቀድም» ተባለ።

ማኅበሩ ከሰሰ፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ ከሰሰ። በ2016 የመጨረሻ ቀን የፌደራል ዳኛው፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ መለኪያ ለመስጊድ ሌላ መለኪያ መጠቀም ሕግን መጣስ ነው ብለው ወሰኑ። በሜይ 2017 ከተማው መስጊዱን ሊፈቅድና 3.25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

የመኪና ማቆሚያ ጥያቄ ሁሉ ሰበብ ነው እያልኩ አይደለም። ጁምዓ ቀን ወይም እሑድ ጠዋት መንገድ ሲዘጋ ጎረቤት ይቸገራል፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ያው ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለምኩራቡም፣ ለሠርግ አዳራሹም በእኩል ይጠየቃል ወይ? አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ለተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚሆን መጋዘን ወይም ቤት ገዝታችሁ የፈቃድ ስብሰባ ላይ ስትቀርቡ፣ የጥምቀት በዓል ሕዝብ የት መኪና እንደሚያቆም ስትጠየቁ፣ የሚጠብቃችሁ ያው በርናርድስ ላይ ለሙስሊሞቹ የፈረደው የ2000 ሕግ ነው።

ስለ ፓርክ 51 አዘጋጆችም እውነቱን መናገር ይገባል። ዕቅዳቸውን ለዓለም ከማሳወቃቸው በፊት የሟች ቤተሰቦችን ቤት አላንኳኩም። ኤል ጋማል ራሱ በ2011 ትልቁ ስሕተታችን ቤተሰቦቹን ከመጀመሪያው አለማሳተፋችን ነው ሲል ተናግሯል። ኢማም ራውፍም ይህን ያህል ሕመም እንደሚያስከትል ቢያውቁ ኖሮ ቦታውን እንደማይመርጡት በቴሌቪዥን ተናግረዋል፤ ከክርክሩ በኋላ መልቀቅ ግን ለአክራሪዎች «አሜሪካ እስልምናን ትጠላለች» የሚል ስብከት መስጠት ይሆናል ብለው አስጠንቅቀዋል። መብት ያለው ሰው ሐዘን ላለበት ጎረቤቱ አስቀድሞ ቡና ጠጥቶ ቢያማክር መብቱ አይቀንስም። ምክክሩ ግን ፈቃድ መለመኛ ሊሆን አይገባም፤ ጎረቤት «እምቢ» ቢልም መብቱ መብት ነው።

አገር ቤት ያላችሁ አድማጮች እስካሁን ሐሳባችሁ መስጊድ ይሠራ አይሠራ የሚል ክርክር ወዳለባት አክሱም ደርሶ እንደተመለሰ እገምታለሁ። ክርስቲያኑ «ጽዮን ያለችበት ቅዱስ ከተማችን ነው» ይላል፤ ሙስሊሙ «ነቢዩ ተከታዮቻቸውን የላኩት፣ ነጋሺም የተቀበላቸው እዚህ ምድር ነው፤ እኛም የከተማው ልጆች ነን» ይላል። የኒው ዮርክን ፍርድ አንሥቶ እዚያ መለጠፍ አይቻልም፤ ታሪኩ የራሱ ጥልቀት አለው። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሚገደብበትን ምክንያት ዘርዝሮታል፤ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሞራል፣ የሌሎች መብት፣ የመንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆን። «የብዙኃኑ ቅሬታ» የሚል ምክንያት በዝርዝሩ የለም። ሙስሊም በሚበዛበት ወረዳ ቤተ ክርስቲያን ልሥራ ለሚለው ክርስቲያንም የሚያገለግለው ይኸው አንቀጽ ነው።

የፓርክ 51 ፍጻሜ ምን ሆነ? በሴፕቴምበር 2011 በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ አነስተኛ ማዕከል ተከፈተ። ባለ 13 ፎቁ ግን አልተሠራም። አሮጌው ሕንፃ ፈረሰ፤ በቦታው 43 ፎቅ ያለው የባለ ጠጎች መኖሪያ ግንባታ ወጣ። በጥቃቱ የፈረሰችው የቅዱስ ኒቆላዎስ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን እንደገና ተሠርታ በ2022 ተባርካለች፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። በ2010 «መብት ቢኖራቸውም ተገቢ አይደለም» ብሎ ዕቅዱን ተቃውሞ የነበረው፣ ጥላቻን ለመዋጋት የተቋቋመው ትልቁ የአይሁድ ድርጅት ከ11 ዓመት በኋላ በመሪው አማካይነት «ተሳስተን ነበር» ብሎ ሙስሊሞችን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው ሲመጣ መስጊዱ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በምትኖሩበት ከተማ የሌላ እምነት ሰዎች የአምልኮ ቤት ጉዳይ ለስብሰባ ሲቀርብ፣ እናንተም ሂዱ። መቃወም የሚፈልግ ሰው ስብሰባ አያመልጠውም፤ የሚደግፈው ነው ቤቱ የሚቀረው። የመንገዱን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ የመኪናውን ጥያቄ ለራሳችሁ ቤተ እምነት በምትጠይቁት ልክ ጠይቁ። ያዘነ ጎረቤት ካለ አጠገቡ ተቀመጡ፣ አዳምጡት። ድምፅ ሲሰጥ ግን የጎረቤታችሁን መብት ደግፋችሁ እጃችሁን አውጡ።